የቄስ ለገሰ መልስ ለወንድም ለገሰ

ቄስ ለገሰ የሰበከውን ሳያሳትም እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈረንጆቹ ጨርሰው ሲወጡ የአማርኛው ጉባኤ ይገባል፤ ለገሰ ይሰብካል። ሳምንቱ ሳያልቅ ያ ስብከት ሰማያዊ ሽፋን ለብሶ፣ ቡክሌት ሆኖ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ምዕመኑም በአክብሮት አንዳንድ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ቡክሌቶቹ የት እንደሚገቡ ለማወቅ የፈለገ የሰው መኪና የኋላ ወንበር ሥር ይመልከት።

እነዚህን ቡክሌቶች በሙሉ በኮምፒውተር የጻፈችው ሚስቱ ኤልሳቤጥ ናት። እሱ በእጁ ይሞነጫጭራል፣ እሷ ትተይባለች። ስለዚህ የለገሰን ጽሑፎች ከዳር እስከ ዳር ያነበበ አንድ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ካለ እሷ ናት። ለገሰ ራሱ አንዴ የታተመውን ዞር ብሎ አያየውም። «የተሰጠኝን ሰጥቻለሁ» ይላል፣ እንደ ነቢይ ቀና ብሎ። ኤልሳቤጥ ደግሞ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ የሚሰካትን ነጭ የቅስና ፕላስቲክ በሳህን ሳሙና እያጠበች «እሺ» ትላለች።

ዘንድሮ የቡክሌቶቹ ሁሉ ጉዳይ አንድ ነው፤ ሥልጣን። ነገሩ የጀመረው ምክትሉ የነበረው በፍቃዱ «ጌታ እንጂ ጳጳስ አያዘንም» ብሎ፣ ጥቂት ቤተሰቦች አስከትሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲገባ ነው። እዚያ የአንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ተከራይተው ማምለክ ጀመሩ። ለገሰም «ከመንጋው የወጡ» የሚል ቡክሌት አወጣባቸው። በፍቃዱ «ከማን መንጋ?» ብሎ መለሰ። ለገሰ ቀጠለ፤ በፍቃዱ አላቋረጠም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሃይዌይ የሚገናኙ፣ ስልክ ያላቸው፣ ጤነኛ ሰዎች ነበሩ። ግን ስልክ አይታተምም።

ይህ ሁሉ ኤልሳቤጥን ባልከፋት ነበር። ወንዶች በኳስም ይጣላሉ። የከፋት አሌክሳንድሪያ ከሄዱት መካከል አንድያ ልጃቸው ሚስጥርና ባሏ ነህምያ መኖራቸው ነው። ሚስጥር ስኖው በጣለ ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟን ዕድላዊት አሏት። ለገሰ «ልጅቷ በእኔ እጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትጠመቃለች» አለ። ሚስጥር «አድጋ ራሷ ትወስናለች፤ ለጊዜው እናስባርካታለን» አለች። በዚያው ሳምንት አዲስ ቡክሌት ተጻፈ፤ የወጡት እስኪመለሱ ድረስ ማንም ምዕመን ጉባኤያቸው እንዳይገባ፣ ማዕዳቸውንም እንዳይቀርብ የሚል። ማዕድ የሚለው ላይ የኤልሳቤጥ እጅ ቆመ።

«ለገሰ፣ ማዕድ ስትል የሚስጥርን ቤትም ነው?»

«እኔ ስለ ሰው አልጻፍኩም፤ ስለ መርህ ነው የጻፍኩት።»

«የወለደችው መርህ አይደለማ፤ ሚስጥር ናት።»

«ተይቢው፣ ኤልሲ።»

ተየበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገሰ ለገዛ ቡክሌቱ ታዝዞ የልጁን ደጃፍ አልረገጠም። የልጅ ልጁን የሚያውቃት በስልክ ፎቶ ነው። ኤልሳቤጥ ግን በየሳምንቱ ትሄዳለች፤ እሱም የት እንደምትሄድ አይጠይቅም። ስትመለስ ብቻ «አምጪ ልስቀልልሽ» ብሎ ሻርፗን ይቀበላትና፣ ቁም ሳጥኑ ጋ ፊቱን አዙሮ ሻርፕ ለመስቀል ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። ሻርፗ ሕፃን ሕፃን ይሸታል። ኤልሳቤጥ ይህን ባየች ቁጥር ታዝንለታለች፤ ወዲያውም ትናደድበታለች። ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው የልጅ ልጁን ከሻርፕ ላይ የሚያሸት?

ሰኔ ገባ። ዕድላዊት የምትባረክበት እሑድ ተቆረጠ። ኤልሳቤጥ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ቀን ለገሰ አሌክሳንድሪያ እንዲገኝ። እንዳይሄድ ደግሞ ምክንያቱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። በዚያው እሑድ ጳጳሱ የአማርኛውን ጉባኤ ሊጎበኙ ይመጣሉ።

ቡክሌቷ የመጣችው ያኔ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ፣ በየመኪናው መስታወት መጥረጊያ ሥር ተሰክታ ተገኘች። ነጭ ሽፋን፤ «እረኛ ጌታ አይደለም» የሚል ርዕስ፤ የጸሐፊ ስም የለም። ኤልሳቤጥ መኪና ውስጥ ገብታ የመጀመሪያውን መስመር አነበበችና ክው አለች።

መስመሩን ታውቀዋለች። ከዓመታት በፊት ሮክቪል፣ በተከራዩት ቤዝመንት ውስጥ፣ ራሷ ተይባዋለች። ያኔ ለገሰ ቄስ አልነበረም፤ ወንድም ለገሰ ነበር፣ የአንድ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የዚያ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ «እኔን ያልታዘዘ ጌታን አልታዘዘም» ማለት ሲያበዛ፣ ወንድም ለገሰ ደሙ ፈልቶ ይህችን ጽሑፍ ጻፈና አርባ የሚሆኑ ሰዎች ይዞ ወጣ። ከዚያ አንግሊካኖቹ ሕንፃ ሰጧቸው፣ ማሞቂያ ያለው። ለገሰም ተማረ፣ ተቀባ፣ ጳጳስ አገኘ። ጳጳስ ካገኘ በኋላ ጳጳስ አስፈላጊ መሆኑ ገባው። በፍቃዱ ዲቪ ደርሶት የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ የድሮውን ነገር አያውቅም።

ኤልሳቤጥ እዚያው መኪና ውስጥ ሆና ለሚስጥር ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«እማዬ፣ ሪላክስ። የድሮውን ፋይል ከአሮጌው ላፕቶፕ አገኘሁት፣ ፕሪንት አደረግነው። ስሙን እኮ ሰርዤዋለሁ። ሰው ፊት እንዳይዋረድ ነው።»

«በፍቃዱ ያውቃል?»

«ኖ። ማን ጻፈው ሲለኝ አንድ ወንድም አልኩት። በጣም ነው የወደደው። እማዬ፣ አባዬ ያነበዋል፣ ራሱን ያገኘዋል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ይመጣል። ዛትስ ኢት።»

ኤልሳቤጥ ስልኩን ዘጋችና መሪው ላይ ተደገፈች። ልጅቷ አባቷን ትወዳለች እንጂ አታውቀውም።

ለገሰ ቡክሌቷን ከነቀይ እስክሪብቶው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጥፋት እንዳገኘ የትራፊክ ፖሊስ ፊቱ በራ።

«የበፍቃዱ እጅ ነው። እዪው ይሄን ዓረፍተ ነገር፤ እብሪት ይንጠባጠብበታል!»

«ለገሰ፣ የሆነ ቦታ ያነበብከው አይመስልህም?»

«መናፍቅ ሁሉ አንድ ነው። አንዱን ካነበብሽ ሁሉንም ያነበብሽ ይመስልሻል።»

«እኔ ጸሐፊው ቅን ሰው ይመስለኛል።»

«ይሄ?» አለ ለገሰ በእስክሪብቶው ገጹን እየመታ። «ይሄ ሰውዬ እንኳን በግ ዶሮ ጠብቆ አያውቅም። ሚስት እንኳ ያለው አይመስለኝም። ምክር የሚሰጠው ሰው ያለው ሰው እንዲህ አይጽፍም።»

ኤልሳቤጥ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ከሳቁ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። እውነቱን ለመናገር ያንን ሰውዬ ናፍቃዋለች። ያ ሰውዬ ጽፎ ሲጨርስ «ኤልሲ፣ የበዛ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የበዛ ካለች ይሰርዝ ነበር። ቄስ ለገሰ የሚጠይቃት ቀለም መኖሩን ብቻ ነው። እዚያው «ይሄ ያንተ ነው» ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። ብትነግረው የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ ይደነግጣል፣ ከዚያ «የያኔው ሁኔታና የአሁኑ ሁኔታ» የሚል ቡክሌት ይጽፋል፣ እሷው ትተይበዋለች። አሌክሳንድሪያም ይቀራል።

መልሱን ተየበችለት። ስትተይብ አንድ ነገር አስተዋለች፤ የለገሰ መልስ ከቡክሌቷ አጋማሽ አያልፍም። ለገሰ የተቃዋሚን ጽሑፍ እስከ መጨረሻ ማንበብ እንደ መስማማት ነው የሚቆጥረው። መጨረሻው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ግን ኤልሳቤጥ አልረሳችም። 

እሑድ ጳጳሱ መጡ። ቁመታቸው ረጅም፣ ፈገግታቸው የማይደክም፣ ከአማርኛ «አሜን» የሚለውን ብቻ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ለገሰ ነጭ ፕላስቲኳን ሰክቶ፣ ቡክሌቷን በአንድ እጁ መልሱን በሌላ እጁ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ።

«ወገኖች፣ በመካከላችን መርዝ ተረጭቷል» አለ። «ስሙን ለመጻፍ ያልደፈረ ሰው የጻፈውን ስሙ! እንዲህ ይላል፤ ‹የተላከ ሁሉ አገልጋይ ነው፤ አዛዥ ሆኖ የተላከ የለም።›»

«አሜን!» የሚል ድምፅ ከመሃል ተሰማ።

የጋሽ ፀሐዩ ድምፅ ነው። ጋሽ ፀሐዩ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ ከለገሰ ጋር ከወጡት የመጀመሪያው። ድርሻቸው ድሮም ትልቅ አሜን ነበር። ለገሰ ስህተት መስሎት ፈገግ አለና ቀጠለ።

«አሁን ደግሞ ድፍረቱን ስሙ! ‹ወንበር ሰውን ቅዱስ አያደርገውም...›»

«‹ቅዱስ ሰው ግን በርጩማ ላይም ቢቀመጥ ቅዱስ ነው!›» አሉ ጋሽ ፀሐዩ ዓይናቸውን ጨፍነው። ዙሪያቸው ያሉት የድሮዎቹ ሁሉ «አሜን! ሃሌ ሉያ!» ብለው ተከተሉ። አንዲት እናት እልልታዋን አቀለጠችው። ጳጳሱ ጉባኤው እንዲህ ሲሞቅ አይተው አያውቁምና እሳቸውም እጃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን» አሉ።

«አሜን አይባልም!» አለ ለገሰ። «እኔ እኮ ልመልስለት ነው የማነበው!»

«ይመለስለት! አሜን!» አለ ጉባኤው።

ለገሰ ላብ በላብ ሆነ። መልሱን አነበበ፤ ለመልሱ ማንም አሜን አላለም። እንደገና ከቡክሌቷ አነበበ፤ ቤቱ ተናወጠ። ያዘጋጀው ጥቅስ አለቀበት። አሁን ጉባኤውን የሚያስደነግጥ፣ እጅ እግር የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረ። ኤልሳቤጥ ጣቱ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲያርፍ አየች። 

«እሺ፣ ይሄንንስ?» አለ ለገሰ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «‹እኔም ልጅ አለችኝ። ከሰው ፊት ሳይሆን ከጌታ ፊት እንድትቆም እያስተማርኳት ነው። አንድ ቀን በእኔም ላይ ትቆም ይሆናል። ያን ቀን በሬን ብዘጋባት...›»

ቆመ። ቀጣዩን መስመር በዓይኑ ብቻ አነበበው። ኤልሳቤጥ ማየት አላስፈለጋትም፤ «ያስተማርኳት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው» ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ አራት ነጥብ ነው። ያኔ ሚስጥር ከክፍሏ ወጥታ «እኔን ነው?» ብላ ስታነብ፣ ወንድም ለገሰ «አንቺን ነው» ብሎ ግንባሯን ስሟት ነበር።

ለገሰ ቀና ብሎ ሚስቱን ፈለገ። ኤልሳቤጥ አንገቷን አልደፋችም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከጋብቻቸው ጀምሮ እንደዚያ ቀን ዕራቁቱን ቆሞ አይታው አታውቅም፤ አሳዘናት፣ ግን ዓይኗን አላነሳችለትም።

«ይሄን... ይሄን የጻፈው...» አለ ለገሰ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ሊሆን ነው፣ ቄስ!» አሉ ጋሽ ፀሐዩ ግራ ተጋብተው። «እኛ እኮ የወጣንበትን ዘመን እያስታወሱን መስሎን ነው!»

ለገሰ ሁለቱንም ወረቀቶች አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አሜን» አለ፣ ለራሱ በማይሰማ ድምፅ፣ ከመድረኩም ወረደ። ጳጳሱ ብድግ ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። በእንግሊዝኛ ያሉትን በሩ አጠገብ የነበሩት ሁሉ ሰሙ፤ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ስብከት ከሰሙ ብዙ ጊዜያቸው መሆኑን፣ ይህስ የግድ መታተም እንዳለበት ነበር የነገሩት።

ለገሰ መኪናውን አስነሳ። ወደ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈው። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚወስደው ሃይዌይ፣ ቤልትዌዩ ላይ ወጣ።

«ታውቂ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«የተየብኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። መናፍቅ ሁሉ አንድ ነው አልከኝ።»

ድልድዩ ላይ ደረሱ። ለገሰ ወንዙን አየት አደረገና «ጽሑፉ... ጥሩ ነበር እንዴ?» አለ።

«ከጻፍከው ሁሉ እሱን የሚያክል የለም» አለች ኤልሳቤጥ። ይህ እውነት እንዳስደሰተውና እንዳመመው አንድ ላይ ፊቱ ላይ አየችው። እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች።

የአሌክሳንድሪያው ካፍቴሪያ ፒዛና የወለል ሳሙና ይሸታል። አምልኮው የሚጀመረው አመሻሽ ላይ ነውና ሲገቡ ዝማሬው እያለቀ ነበር። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ሽፋን ያላቸው ቡክሌቶች ተደርድረዋል። ርዕሳቸው «ለመሪ ስለ መታዘዝ» ይላል፤ ከሥሩ የበፍቃዱ ስም፣ ከነፎቶው። ኤልሳቤጥ የባሏን ክንድ ጎሸም አደረገችው። ለገሰ አየው፤ ከንፈሩን ነከሰ።

መድረኩ ላይ ሚስጥርና ነህምያ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ሚስጥር አባቷን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ለገሰ በወንበሮቹ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሄደ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። የመድረኩ ደረጃ ጋ ሲደርስ በፍቃዱ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ ማይኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ አናገረው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ቄስ። መምጣትዎ ትልቅ ደስታ ነው። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባል ያልሆነ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ልጅ መያዝ በደንባችን አልተፈቀደም። እኔ ብሆን ምንም ችግር የለብኝም። ሥርዓት ስለሆነ ነው።»

የለገሰ አፍ ተከፈተ። ኤልሳቤጥ ያንን አፍ ታውቀዋለች፤ ከውስጡ አንድ ሙሉ ቡክሌት ሊወጣ ነው። ለበፍቃዱ የሚሆን መልስ ደግሞ ኪሱ ውስጥ አለለት፣ በገዛ እጁ የተጻፈ፣ አርባ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣ። «ጌታ ሆይ፣ አፉን ዝጋልኝ» ብላ ጸለየች፤ በሕይወቷ ያንን ያህል ከልቧ ጸልያ አታውቅም።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለ ለገሰ። «ከታች እቆማለሁ።»

ቆመም። አንድ ትልቅ ሰው፣ ሙሉ ልብሱን የለበሰ ቄስ፣ የተማሪዎች የምግብ ሰልፍ በሚያዝበት ቦታ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። በፍቃዱ ማይኩን አስተካከለና ልጅቷን ለመቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ።

ሚስጥር አልሰጠችውም። ልጇን አቅፋ ደረጃውን ወረደች። በፍቃዱ እጁን እንደዘረጋ መድረኩ ላይ ቀረ። ሚስጥር አባቷ ፊት ቆማ «አባዬ፣ እንካት» አለችው።

ለገሰ ተቀበላት። መጀመሪያ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ የረሳ መሰለ፤ ከዚያ ትዝ አለው። በረከት የሚባለውን ነገር አንድም ቃል አልተናገረም። አፍንጫውን አናቷ ላይ አድርጎ ብቻ አሸተታት፤ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ኤልሳቤጥም ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ዕድላዊት ግን ሥራ ይዛለች። ትንሽ እጇን ሰድዳ የአያቷን አንገት ዳበሰች፣ ነጯን ፕላስቲክ አገኘቻት፣ ሳብ አድርጋ መዘዘቻት፣ ጥርስ በሌለው ድዷ ማኘክ ጀመረች።

«ውይ! አባዬ፣ ልቀበላት?» አለች ሚስጥር ደንግጣ።

«ተያት» አለ ለገሰ፣ ኮሌታው እንደተከፈተ። «እናትሽ በሳሙና አጥባታለች።»